ቫዮሊን ይዞ ወደ ድሬ መውረድ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሲወረድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነው የሚወረደው። ሰው ሙቀቱ ሲሰማው ጃኬቱን ያወልቃል። ቫዮሊን የሚያወልቀው የለውም፤ እንጨቱ ያብጣል ወይም ይኮማተራል፣ ክሩ ይረግባል፣ ማጣበቂያው ይላላል። ስለዚህ ይህን ጉዞ የምጽፈው ከመሣሪያው ወገን ሆኜ ነው።

የወረድኩት በባቡር ነው፤ ከለቡ ማለዳ ተነስቶ በአዳማ፣ በመተሃራና በአዋሽ በኩል። ከመነሳት በፊት አራቱንም ክሮች በግማሽ ድምፅ ያህል ማላላት ይበቃል። ፈጽሞ ማላላት ግን አይደረግም። በቀጭኗ ክር በኩል ካለው የብሪጅ (ክሮቹን ከፊቱ ሰሌዳ በላይ ደግፎ የያዘው ትንሽ እንጨት) እግር ጥቂት ሚሊ ሜትር ወረድ ብሎ፣ በሆዱ ውስጥ የቆመው ሳውንድ ፖስት የሚባል ቀጭን የእንጨት ምሰሶ በማጣበቂያ የተያዘ አይደለም፤ ያቆመው የክሮቹ ጫና ነው። ጫናው ከተነሳ ይወድቃል፣ እሱን መልሶ ለማቆም ደግሞ ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይጠይቃል። ወድቆ ከሆነ ኬዙ (የቫዮሊኑ መያዣ ሣጥን) ሲነቀነቅ ውስጥ ኳ ኳ ይላል። ያን ጊዜ ክር ማጥበቅ ማለት የፊቱን ሰሌዳ መሰንጠቅ ነው።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ቀሪው መንገድ በመኪና ወይም በባጃጅ ነው። የባጃጁ ልጅ በድሬ ወግ «አቦ፣ ጊታሯን ከኋላ ጣላት!» አለኝ። ደግነቱ ደስ ይላል፤ ግን የባጃጅ ሞተር ያለው እዚያው ከኋላ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫው ከታች ይጋላል። ቫዮሊን ጭን ላይ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውማ አይታሰብም፤ ቫርኒሹ ለስልሶ የኬዙ ጨርቅ ይታተምበታል።

ማረፊያ ቤት እንደተደረሰ ኬዙ ወዲያው አይከፈትም። አንድ ሰዓት ያህል እንደተዘጋ ክፍሉን ይልመድ። ኤር ኮንዲሽነር ካለ ከሚነፍስበት አቅጣጫ ይራቅ፤ አየሩን በጣም ያደርቀዋል፣ ለቫዮሊን የሚስማማው እርጥበት ደግሞ ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። አየሩ ሲደርቅ ፔጎቹ (ክሮቹ የሚጠቀለሉባቸው የእንጨት መቃኛዎች) ይቀጥኑና ክሩ በራሱ ይተረተራል። መፍትሔው ፔጉን እያዞሩ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ማዞር ብቻውን ዋጋ የለውም። ከአራቱ ክሮች መጀመሪያ ላ በ440 ኸርዝ ይያዛል፣ ከዚያ ሬ፣ ሶል፣ በመጨረሻ ቀጭኗ ሚ። ክር በጠበቀ ቁጥር የብሪጁን አናት ወደ ጣት ሰሌዳው ይጎትተዋል፤ ሳያዩት ከቀሩ ይጎብጣል ወይም ተገልብጦ ይወድቃል። በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ መመለስ፣ በጅራቱ በኩል ያለው ገጽ ከፊቱ ሰሌዳ ጋር 90 ዲግሪ መሥራቱን በዓይን ማረጋገጥ። ክሮቹ በሚያልፉባቸው ጭረቶች ላይ እርሳስ ቀባ ማድረግ ይህን ችግር ብዙ ይቀንሰዋል።

ከዚያ ጠርዙን ዙሪያውን በጣት አንጓ ቆርቆር ማድረግ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ የተሰነጠቀ ሸክላ ከመሰለ መጋጠሚያው ተከፍቷል ማለት ነው። እንዲያውም ይህ ለእንጨቱ ምሕረት ነው፤ ከቆዳ የሚሠራው ማጣበቂያ ቀድሞ የሚለቀው ሰሌዳው እንዳይሰነጠቅ ነው። በሱፐር ግሉ የሚደፍን ሰው ግን ቫዮሊኑን ገደለው።

ክሩ የሚመታበት ቦውም (መምቻው) የራሱ ጠባይ አለው። የፈረስ ጭራው በእርጥበት ይረዝማል፣ በደረቅ አየር ያጥራል፤ ጠብቆ ያደረ ቦው ጭራው ሲያጥር ራሱን ይሰብራል። ጭራው ክሩን እንዲይዝ የሚቀባው ሙጫ፣ ሮዚንም ቢሆን በሙቀት ይለሰልሳል። ጠቆር ያለው ለደጋ ይስማማል፣ ድሬ ላይ ግን ይጣበቃል፤ ነጣ ያለውና ጠንከር ያለው ይሻላል።

ድሬ ከቀትር በኋላ ታርፋለች፣ ይህን ልማድ መጣስ ሞኝነት ነው። ልምምድ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ኮንሰርት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ። በድሬው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር መጫወት ለፎቶ ያምራል፤ ለጆሮ ግን አያመችም። ሜዳ ላይ ድምፁ ተመልሶ ስለማይመጣ ተጫዋቹ ያልተሰማ ይመስለዋል፣ ቦውን ይጫናል፣ ድምፁ ይቧጥጣል። ጀርባን ለግንብ ሰጥቶ መቆም ግማሹን ችግር ይፈታል። የተቃኘ ፒያኖ ይገኛል ብሎ ፕሮግራም ማውጣትም አያዋጣም። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 በጻፋቸው ያለ አጃቢ በሚጫወቱ የቫዮሊን ሶናታዎችና ፓርቲታዎች፣ ቫዮሊኒስቱ ኢዛይ እ.ኤ.አ. በ1923 በጻፋቸው 6 ሶናታዎች አንድ ምሽት ይሞላል።

ቫዮሊን የጀመሩ ልጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ሙያው እንጀራ ይሆናል ወይ የሚለውን ነው። መንገዱ ይታወቃል። የአውሮፓና የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች የመጀመሪያውን ዙር ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚሰሙት፤ ከሞዛርት 4ኛ ወይም 5ኛ ኮንቸርቶ የመጀመሪያው ክፍል፣ አንድ የሮማንቲክ ዘመን ኮንቸርቶ፣ ከዚያ እንደ ሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ሁዋን» ያሉ የኦርኬስትራ ገጾች። ብዙ ሰው የሚወድቀው ከባዱ ኮንቸርቶ ላይ ሳይሆን ንጹሕ ቃናና ምት ብቻ በሚሰማበት ሞዛርት ላይ ነው። በፒያኖ የምናውቃቸው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ስዊዘርላንድ በልጅነታቸው ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ላይ ከቫዮሊኒስቱ አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ቀጥለው ነበር፤ የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን ስለነካው ተመለሱ። ሙቀት የሚጎዳው እንጨት ብቻ አይደለም።

መለዋወጫ ክር ኬዝ ውስጥ አለመያዝ ደግሞ ይቅር የማይባል ነው፤ በተለይ ሚ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቫዮሊኒስቷ ሚዶሪ በ14 ዓመቷ በበርንስታይን የኦርኬስትራ መሪነት ስትጫወት ሚ ክሯ ሁለቴ ተበጠሰባት፤ ሁለቴም ከኦርኬስትራው ቫዮሊን ተቀብላ ሥራውን ጨረሰች። ብቻውን የቆመ ሰው ግን የሚቀበለው የለውም። ከመበጠሱ በፊት ክሩ ብሪጁ ላይ በሚያርፍበት ቦታ በላዩ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ሲላቀቅ በጣት ይዳሰሳል፤ የዚያን ዕለት ይቀየር።

ወደ ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። የሐረር ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የክሩ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ድሬ ላይ የተቃኘውን እንደገና ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ጁገል ውስጥ ያለ የሐረሪ ቤት ለጆሮ ልዩ ነው፦ የድንጋይ ግንቡ ወፍራም ነው፣ መደቦቹ ግን ምንጣፍና ትራስ ለብሰዋል፣ ግድግዳውም ስፌት ተሰቅሎበታል። ማስተጋባት የለም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ የጣት ስህተት ይሰማል። ፈጣን ሥራ ጥርት ብሎ ይወጣል። ረጅም ዘገምተኛ ዜማ ግን ደርቆ ስለሚቀር ቦውን ቀስ አድርጎ ወደ ብሪጁ ጠጋ ማለት ይሻላል፣ ቪብራቶውንም (በጣት የሚሠራውን የድምፅ ማርገብገብ) ማስቀጠል። እኔ መደቡ ላይ ሳልወጣ በሩ አጠገብ፣ ግንቡ ባዶ በሆነበት በኩል መቆሙን መረጥኩ።