ከደመናው ስር የወረደው ነፋስ

ሌሊቱን ትራንዚት ላይ በብረት ወንበር ተጋድሜ አነጋሁ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል። የመጀመሪያው በረራ የሚወራ ነገር የለውም። ስለ ሁለተኛው ግን ሳልጽፍ አላልፍም።

ልናርፍ ነው። የቤቶቹ ጣሪያ አንድ በአንድ ይታያል። በስተቀኝ ከአንድ ጥቁር ደመና ስር ዝናብ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ በግራ በኩል ፀሐይ ነው። ድንገት ሞተሩ አጓራና ሽቅብ ተነሳን። ጎኔ የተቀመጡት እናት እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ፣ አብራሪው ያየው ነገር ቢኖር ነው» አሉኝ። የሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጣል።

ቆይቶ ካፒቴኑ ተናገረ፤ የማይክሮበርስት፣ ማለትም ከደመና ስር ድንገት ቁልቁል የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያ ስለደረሰው እስኪያልፍ እንዞራለን። 40 ደቂቃ ዞርን። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «ለትንሽ ዝናብ!» እያለ ያማርራል። በጣም ተናደድኩ። የሚያስፈራው ዝናቡ አይደለማ! ዝናብ ደረቅ አየር ውስጥ ሲተን፣ በረዶም ሲቀልጥ፣ አየሩን ያቀዘቅዙታል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ቁልቁል ይወርዳል። መሬት ሲመታ ከባልዲ እንደተደፋ ውሃ በየአቅጣጫው ይረጫል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም ደቂቃዎች ናቸው። ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን እዚያ ውስጥ ከገባ መጀመሪያ ነፋሱ ከፊት መጥቶ ከፍ ያደርገዋል። አብራሪው ተታልሎ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ቀጥሎ ከላይ ይጫነዋል። ወዲያው ደግሞ ከኋላ ይነፍስና ክንፉን የሚሸከመው አየር ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ዳላስ አጠገብ የዴልታ አየር መንገድ በረራ 191 የተከሰከሰው እንዲህ ባለ ነፋስ ነው፤ 137 ሰው አልቋል።

በሰላም አረፍን። ሻንጣዬ እስከ ማታ አልመጣም።

በነጋታው በአውቶቡስ ስንሄድ መንገዱን ዛፍ ዘግቶት ቆምን። ወርጄ ጫካውን አየሁት። ዛፎቹ ከአንድ ቦታ ተነስተው ወደ ውጭ እንደ ፀሐይ ጨረር ተዘርግተዋል። እየተሽከረከረ የሚሄደው አውሎ ነፋስ፣ ቶርኔዶ፣ እንዲህ አይጥልም። ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ቴድ ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ያስተዋለው ይህንን ቅርጽ ነበር። ከላይ ወርዶ የሚበተን ነፋስ አለ ሲል ብዙዎች አላመኑትም።

መሃል ላይ ቆምኩ። በየትኛውም በኩል ብዞር የዛፎቹ ሥር ወደ እኔ፣ ጫፋቸው ከእኔ ርቆ ነው። ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም።