ያልተጠማችው ስንዴ

ማክሰኞ ጠዋት ነበር፣ የካቲት። ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በላስቲክ የተሸፈነች ጠባብ ቤት አለችን። ውስጧ 72 ባልዲ ስንዴ ቆሟል። 12 ቀን ሙሉ ጠብታ ውኃ አልቀመሰም። ሆን ብለን ነው የከለከልነው። የትኛው ቶሎ ይጠወልጋል? የትኛውስ ይቆያል? ይህን ለማየት ነበር።

ዝርያዎቹ 24 ናቸው። እያንዳንዱ በ3 ባልዲ ተዘርቷል። ሁሉም የማካሮኒ ስንዴ የምንለው ዓይነት ነው። ግማሹ ከገበሬ ማሳ የተሰበሰበ የቆየ የአገር ስንዴ፣ ግማሹ ደግሞ በምርምር የወጣ አጭር ስንዴ ነው። የእኔ ሥራ በየጠዋቱ ቅጠሉን እያዩ ነጥብ መስጠት ነበር። ለለምለሙ 1፣ ለደረቀው 9።

በ12ኛው ቀን 17 ቁጥር ገና አረንጓዴ ነበረች። 4 ቁጥር ግን ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ቅጠሏን ጠቅልላ፣ ጫፏ ገርጥቶ፣ አንገቷን ደፍታለች።

17 ቁጥርን በጣም ወድጃት ነበር። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲፈልግ ተማሪ ነበርኩ። ይህን ሙያ የመረጥኩት ያኔ ነው። 12 ቀን ሳትጠጣ የቆመች ስንዴ ፊት ስቆም ያ ዘመን ትዝ ይለኛል። አገኘኋት ብዬ ነበር፣ በቃ።

ሐሙስ ሪፖርት አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ጥሩ ነጥብ ካገኙት 4፣ መጥፎ ካገኙት 4 ዝርያዎች ቅጠል ቆርጬ ታች ላብራቶሪ ማውረድ አለብኝ። ዲኤንኤያቸውን አውጥተን ሁለቱን ቡድኖች እናነጻጽራለን። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ድርቅ የሚያስችለውን ዘረመል እንፈልጋለን። የዲኤንኤ ማውጫው ኪት ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ታዞ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። በእጃችን የቀረው ለጥቂት ናሙና ብቻ የሚበቃ ነበር።

መቀሴን ይዤ 17 ቁጥር አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ባልዲዋን ወደ ብርሃኑ ለማዞር ጠርዙን ሳብ ሳደርገው ከበደኝ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። እርጥብ ነው። 12 ቀን ውኃ ያልነካው አፈር እርጥብ!

ደሜ ፈላ። ማን እንዳጠጣት ያወቅኩ መሰለኝ።

የሌሊት ጥበቃችን ምንጃር ተወልደው ያደጉ፣ ብዙ ዘመን ያረሱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተራቸው ሲያልቅ አንዳንዴ ጣሪያው ላይ ይወጡና ስንዴውን እያዩ ይቆማሉ። ከጥቂት ቀናት በፊት 4 ቁጥርን አይተው አንጀታቸውን በልታቸው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትቀምስ?» ብለውኝ ነበር። ያ ትዝ አለኝ።

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በሩ ጋ ጋቢያቸውን አጥፈው ፌስታል ውስጥ ሲከቱ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ስንዴውን አጠጥተውታል እንዴ?» አልኳቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስካሁን አልረሳውም። «እኔ የሰው ሥራ ነክቼ አላውቅም ልጄ። ነይ አሳዪኝ» አሉ።

አምስት ፎቅ ቀስ ብለው ወጡ። ወደ 17 ቁጥር ጠቆምኳቸው፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ የሄዱት ወደ 4 ቁጥር ነው። ሌባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ። ደረቅ። ቀጥለው ወደ 9። ደረቅ። ወደ 22። እርጥብ። ወደ 17። እርጥብ። እንዲህ እያሉ ሁለቱን ረድፍ ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ቆሙ።

«ረጃጅሞቹ፣ ቅጠላቸው የሰፋው፣ ሁሉም ደርቋል። ድንክዬዎቹ ሁሉ እርጥብ ናቸው። እኔ ላጠጣ ብል፣ ጠምቷት የደፋችውን ትቼ ያልጠማትን አጠጣለሁ?»

መልስ አልነበረኝም።

«ይቺ እኮ ውኃዋን አልጨረሰችም» አሉ 17 ቁጥርን እያሳዩኝ። «ቤተሰቧ ትንሽ ነው። የዚያችኛዋ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እንስራዋ ቶሎ አለቀባት። በአንድ እንስራ ሁለቱን ታወዳድሪያለሽ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይሁን፣ ደክሞሽ ነው» ብለው አለፉኝ። ለእኔ ግን እስከ ዛሬም አልቀለለኝም። ማስረጃ ሳልይዝ ነው ሰው የጠረጠርኩት። ማስረጃው ደግሞ እዚያው ጣሪያ ላይ፣ አንድ ጣት ጥልቀት ላይ ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ተክል ውኃ የሚያጣው በብዛት በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ቅጠል በበዛና በሰፋ ቁጥር የሚተነው ውኃ ይጨምራል። ለሁሉም እኩል አፈር፣ እኩል ውኃ ሰጥተናል። ስለዚህ ትልቁ ቶሎ ይጨርሳል፣ ትንሹ ይቆጥባል። በ12ኛው ቀን 4 ቁጥር ከባድ ድርቅ ውስጥ ነበረች። 17 ቁጥር ጋ ድርቁ ገና አልደረሰም። ድርቅን ቻለች ብዬ ያሞገስኳት ተክል አልተጠማችም ነበር።

ጋሼ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ነገር ጨመሩ። «እኛ ጋ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ የምንዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዝናቡ ይሄዳል። ስንዴው ከታች በቀረው እርጥበት ነው የሚያፈራው። ይቺ ረጅሟ ሥሯን ወደ ታች ትሰድ ነበር። እዚህ ባልዲ ውስጥ የት ትሂድ?»

የባልዲው ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የስንዴ ሥር ማሳ ላይ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። እኔ ይህን በትምህርት አውቀዋለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ግን ከ4 ቁጥር ባልዲ ጋር አላገናኘሁትም።

ከመጋዘን ሚዛን አውጥቼ 72ቱንም መዘንኩ። ስንዘራ እኩል ነበሩ፤ በመዝገቡ አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አልመዘናቸውም። አሁን የ17 ቁጥር ባልዲዎች ከ4 ቁጥር ባልዲዎች በኪሎ የሚቆጠር ልዩነት ነበራቸው። ልዩነቱ ውኃ ነው።

ወደ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። «ዶክተር፣ ሐሙስ የማቀርበው ነገር የለኝም» አልኳቸው። ዝርዝሩን አዩት፣ ሚዛኑን አዩት፣ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ላይኛዎቹ አራቱ ቁመታቸው እንዴት ነው?»

አራቱም አጫጭሮች ናቸው። ታችኛዎቹ አራቱ ደግሞ ሁሉም ረጃጅም የአገር ስንዴዎች። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከአንድ ባልዲ ስህተት በላይ መሆኑን ያየሁት።

በዓለም ላይ ካሉት አጫጭር ስንዴዎች ብዙዎቹ ቁመታቸው ያጠረው ኖሪን 10 ከተባለ የጃፓን ስንዴ በመጣ ዘረመል ነው። አሜሪካዊው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርላውግ ሜክሲኮ ውስጥ የዚህን ስንዴ ዲቃላ ከሌሎች ጋር አዳቅለው ያወጧቸው ዝርያዎች ብዙ አገር መገቡ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተዋል። ዘረመሉ አርኤችቲ ይባላል። በማካሮኒ ስንዴ የምናገኘው 4ቢ በተባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመሎች በተደረደሩበት ክር ላይ ነው። አሠራሩን እንደ ፍሬን አስቡት። በረጅም ስንዴ ውስጥ ጂበሪሊን የሚባለው የዕድገት ሆርሞን ሲመጣ ፍሬኑ ይለቃል፣ አገዳውም ይመዘዛል። በአጭሩ ስንዴ ፍሬኑ ሆርሞኑን አይሰማም፤ እንደተያዘ ይቀራል። ማዳበሪያ ሲበዛለት አይጋሽብም፣ ጉልበቱንም ወደ ፍሬው ያውላል። ትልቅ ስጦታ ነው።

እንግዲህ ኪቱን አባክነን ስምንቱን ብናነጻጽር ኖሮ ጎልቶ የሚወጣልን ይኸው ዘረመል ነበር። እኛም ተደስተን «የድርቅ ዘረመል አገኘን» እንል ነበር። ያገኘነው ግን የቁመት ዘረመል ነው። ይባስ ብሎ ይህ ዘረመል ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣበትን ለጋ ሽፋንም ያሳጥረዋል። ላዩ በደረቀ አፈር ዘርን ወደ እርጥበቱ ጠለቅ አድርጎ የሚዘራ ገበሬ፣ አንዳንዱ ቡቃያ ሳይወጣ አፈር ውስጥ ይቀርበታል። ለድርቅ ብለን የምንሰጠው ነገር በድርቅ ቀን ሊከዳው ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ «የድርቁን ዘረመል አላገኛችሁም ወይ?» ይሉኛል። አንድ የለም። የማካሮኒ ስንዴ ከሁለት የዱር ሣሮች ውህደት የመጣ፣ 28 ክሮሞዞም ያለው ተክል ነው። ሙሉ የዘረመል ካርታው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም ወደ 10 ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነበር። የሰው 3 ቢሊዮን አካባቢ ነው። አብዛኛው ዘረመሉም ሁለት ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። ድርቅን መቻል በዚህ ሁሉ ውስጥ የተበተነ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጣበት ነገር ነው። አንዳንዱ ስንዴ ቀድሞ አብቦ ድርቁን ያመልጣል። አንዳንዱ ሥሩን ያጠልቃል። አንዳንዱ የቅጠሉን ቀዳዳ ቶሎ ይዘጋል። አንዳንዱ በአገዳው ያከማቸውን ስኳር በመጨረሻው ሰዓት ወደ ፍሬው ያወርዳል። ደግሞ ድርቁ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ስንዴው ሊያብብ ሲል ከመጣ የአበባ ብናኙ ይመክንና የፍሬው ቁጥር ያንሳል። ከአበባ በኋላ ከመጣ ፍሬው ይጨማደዳል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል።

እንደገና ጀመርን። ግማሹን ባልዲ በየጠዋቱ እየመዘንን፣ የጎደለውን ያህል ብቻ እየሞላን፣ ሁሉም እኩል በደረቀ አፈር ላይ እንዲቆዩ አደረግን። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል። ግን ድርቁ አሁን ለሁሉም አንድ ሆነ። ለሌላው ግማሽ ደግሞ መርካቶ ወርደን የፍሳሽ ቧንቧ ገዛን፤ 1 ሜትር 1 ሜትር አስቆርጠን፣ ለሁለት ሰንጥቀን በፕላስተር አሰርነው። አፈር ሞላንና ዘራን። ፍርዱንም ከቅጠል ወደ ፍሬ አዛወርነው። ገበሬ አረንጓዴ ቅጠል አይፈጭም።

ሐምሌ ላይ ነበር የጨረስነው። ውጭ ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል፣ ውስጥ ስንዴው ደርቆ ቆሟል። 17 ቁጥር ከአንደኝነት ወደ መጨረሻዎቹ ወረደች። በተመዘኑት ባልዲዎች አንደኛ የወጣችው 11 ቁጥር ናት፤ በመጀመሪያው ዙር መሀል ላይ የነበረች፣ ማንም ልብ ያላላት። 4 ቁጥር በባልዲ ላይ ብዙም አልተሻሻለችም። በቧንቧ ግን ሁለተኛ ሆነች።

ቧንቧዎቹን የከፈትን ቀን ጋሼን ጠራኋቸው። በእረፍት ቀናቸው መጡ። ፕላስተሩን ፈትተን አፈሩን በውኃ ቀስ እያልን አጠብን። የ17 ቁጥር ሥር ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆሟል። የ4 ቁጥር ሥር 1 ሜትሩን ጨርሶ የቧንቧው መዝጊያ ላይ ተጠምጥሟል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ጥምጥሙን በሁለት እጃቸው አነሱት። ሳይበጥሱ ፈቱት፣ ዘረጉት። መሬት ላይ አስተኝተው በስንዝር ለኩት። ከቧንቧው በሁለት ስንዝር ይረዝማል።

«ገና መሄድ ትፈልግ ነበር» አሉ።