ኳሱ ሳይመጣ

ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ የወጣልኝ ስም «ኦፍሳይድ» ነበር፤ ከተከላካዮች መስመር አልፎ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ የሚቀጣበት ጥፋት ነው። አጥቂ ነኝ ብዬ ፊት እቆማለሁ፣ ከሁሉም ቀድሜ እፈተለካለሁ፣ ኳሱ ሲደርሰኝ ፊሽካ ይነፋል። ከወንዶች ጋር ነበር የምጫወተው፤ የሴት ቡድን ከየት መጥቶ! ዳኛ ሁሉ ጠላቴ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረባት። «እታለም፣ ፀጉርሽን ገልጠሽ በወንድ መሀል?» ትለኛለች። ሻሽ አስሬ ስገባ አንዱ ዳኛ አስወጣኝ። የጨዋታው ሕግ ራስ መሸፈንን በይፋ የፈቀደው በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ወሬውን እንደሰማሁ ሮጬ ነገርኳት። «ታዲያ ምን ቀረሽ? ጎል አግቢያ!» አለችኝ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ ከአባዬ ጋር የተከራከረችልኝ እሷው ናት።

ጎሉ ግን እምቢ አለ።

ኮምቦልቻ ልምምድ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ሚኒባስ ይዤ ጠመዝማዛውን እወርዳለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ትንፋሽ አልቸገረኝም፤ ሙቀቱ ነው የጨረሰኝ። አሰልጣኛችን ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ኳስ ከለከለኝ። «ኳሱን ተይው፣ የተከላካይዋን አንገት እዪ» አለኝ። አንገቷ ወደ ኳሱ ሲዞር አንቺን አታይሽም፣ ያኔ ሂጂ። ቀጥ ብለሽም አትሩጪ። መጀመሪያ በእሷ መስመር ልክ ወደ ጎን፣ ኳሱ ከአቀባይዋ እግር ሲወጣ ወደ ጎል ታጠፊ። ኦፍሳይድ የሚታየው ኳሱ በተመታበት ቅጽበት ነው፣ በደረሰሽ ጊዜ አይደለም። ይህን ያህል ዓመት ተጫውቼ ይህችን በቅጡ አላውቃትም ነበር! ያፍራል ሰው።

ሌላም ነገረኝ። ከእጅ ውርወራ፣ ከመልስ ምትና ከማዕዘን ምት በቀጥታ ለመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ተከላካዮች ግን በልማድ መስመራቸውን ይዘው ይቆማሉ። በውርወራ ጊዜ ከኋላቸው ቆሜ ሁለት ጎል አገባሁ። ሁለቱንም ጊዜ እጃቸውን አንስተው ጮሁ፤ እኔ ሳቅሁ።

በዚያው ዓመት ለሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ለሉሲዎቹ፣ ዝግጅት ተጠራሁ። ሉሲዎቹ በ2005 ዓ.ም. ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሲሰለፉ ልጅ ነበርኩ፤ ከዱራሜ ተነስታ ስዊድንና ማልታ ድረስ የተጫወተችው ሎዛ አበራ ደግሞ ጀግናዬ ናት። በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ተቀይሬ ገብቼ 20 ደቂቃ ተጫወትኩ። ስድስት ጊዜ ያለ ኳስ ሮጥኩ፣ ኳሱ አንዴ መጣ፣ እሱንም ወደ ውጪ ሰደድኩት። የካናዳዋ ክርስቲን ሲንክሌር ለሀገሯ 190 ጎል ስታገባ ስንቴ በባዶ ሮጣ ይሆን? እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ጉልበቴ። ማንም አልነካኝም። ለመታጠፍ እግሬን ስተክል «ጧ» አለ፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነበር። ይህ ጉዳት ሴት ተጫዋቾችን ከወንዶቹ አብልጦ ያጠቃል፣ ያኔ ግን ማንም አልነገረኝም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ጠብቂ ተባልኩ። በአምስተኛው ወር ገባሁ። ቦታዬን ሌላ አጥቂ ይዛዋለች፣ ክለቡም «መቼ ነው?» እያለ ይደውላል። ግን «ደህና ነኝ» ብዬ የዋሸሁት እኔው ነኝ። በሦስተኛው ጨዋታ ያው ጉልበት ድጋሚ ተበጠሰ። አባዬ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቡናውን ትቶ ወጣ። እሱ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

አሁን ኮምቦልቻ ልጃገረዶች አሠለጥናለሁ። ከኳስ በፊት 20 ደቂቃ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ እናሠራለን፤ በአንድ እግር መቆም፣ ዘልሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍ፣ የመሳሰለውን። ይሰለቻቸዋል። «እትዬ፣ ኳሱስ?» ይሉኛል። አንዷ በተለይ፣ አቦ፣ እሳት ናት፤ ፊሽካ ሳልነፋ ትሮጣለች።

ትናንት ኳሷን ነጠቅኳትና የተከላካይዋን አንገት እንድታይ መሀል ሜዳ አቆምኳት። አኮረፈች።