ቲማቲም ላይ ጃስሞኔት ስሞክር የተከተልኩት አካሄድ

ትል የበላው ተክል ቁመቱ የሚቀረው ጉልበቱ ስላለቀ ብቻ ነው ማለት ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ትእዛዝ ነው። ቅጠል ሲቆስል ጃስሞኔት የሚባለው ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይመረትና ጃዝ የተባሉትን ፕሮቲኖች ኮይ1 ከሚባለው ተቀባይ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ ጃዞቹም ይፈርሳሉ። እነሱ አፍነው ይዘውት የነበረው ማይክ2 የተባለው ጂን አስነሺ ፕሮቲን ነጻ ይሆንና የመከላከያ ጂኖችን ያስነሳል። በእድገት በኩል ደግሞ ጂበረሊን የተባለው የእድገት ሆርሞን ዴላ የሚባሉትን አጋጅ ፕሮቲኖች ያስፈርሳል። ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኛቸው ጃዝና ዴላ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው፤ ጃዝ ሲፈርስ ዴላው ይለቀቅና የእድገት ጂኖችን የሚያነሡትን ፒፍ ፕሮቲኖች ሄዶ ይይዛል።

በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ፣ አራቢዶፕሲስ በተባለችው የቤተ ሙከራ ተክል ላይ አምስት የጃዝ ጂኖችና ፋይቶክሮም ቢ የተባለው ብርሃን ተቀባይ አብረው ሲጠፉ ተክሉ እያደገም እየተከላከለም ተገኝቷል፤ እድገቱን የሚገታው ምልክትም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሙከራው ላይ ዋናው ጭንቀቴ የምረጨው መጠን ሳይሆን ሳላስበው ለተክሉ የምሰጠው ሌላ ምልክት ነው።

አፈሩ ላይ ልጀምር። በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ የሚገኘው ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል፣ የተበጠሰ ሥር ደግሞ ቁስል ነው። 1 እጅ ዋልካ፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅዬ ነው የምጠቀመው። ችግኞቹ ቅጠላቸው እንዳይነካካ አራርቄ አስቀምጣለሁ። ጎረቤት ቅጠል ቀዩን ብርሃን ሲያስቀርባቸው ጥላ ውስጥ የገቡ ይመስላቸውና ለቁመት ይሮጣሉ፤ መከላከያቸውም ይላላል።

የምረጨውን የጃስሞኔት ዓይነት፣ ሜቲል ጃስሞኔትን፣ በ1 ሚሊሞላር አዘጋጃለሁ፦ 0.22 ሚሊ ሊትሩን በ2 ሚሊ ሊትር ኤታኖል አሟሙቼ፣ ዘይትን ከውኃ የሚያዋሕደውን ትዊን 20 0.5 ሚሊ ሊትር ጨምሬ በውኃ 1 ሊትር አደርሰዋለሁ። ኤታኖሉ ከተዘለለ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና የመጀመሪያው ችግኝ ብዙ፣ የመጨረሻው ምንም ያገኛል። አንደኛው ምድብ ይህን ያገኛል፤ በሁለተኛው ምድብ ያሉት ማነጻጸሪያዎችም ኤታኖሉና ትዊኑ ብቻ ይረጭባቸዋል። ሦስተኛው ምድብ በሊትር 35 ሚሊ ግራም ጂበረሊክ አሲድ (የጂበረሊን ዓይነት) ያገኛል፣ አራተኛው ሁለቱንም። አራተኛው ምድብ ነው ፍርዱን የሚሰጠው፤ ጃስሞኔት ያሳጠረውን ግንድ ጂበረሊን ካስረዘመው፣ ማጠሩ ከምግብ እጦት ሳይሆን ከትእዛዝ የመጣ ነበር ማለት ነው። ቁመት ግን ያታልላል። ጂበረሊን ቀጭን፣ ረጅም ግንድ ስለሚያወጣ በመጨረሻ በ70 ዲግሪ ለ48 ሰዓት አድርቄ ሳልመዝን አልደመድምም።

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ሜቲል ጃስሞኔት ተናኝ በመሆኑ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከተረጨ እንፋሎቱ ማነጻጸሪያዎቹንም ይቀሰቅሳቸዋል፣ ከዚያ «ልዩነት የለም» የሚል የውሸት ውጤት ይመጣል። ርጭቱ በሌላ ቦታ፣ በየራሱ መርጫ መሆን አለበት፤ ቅጠሉ ደርቆም ቢሆን ምድቦቹ አንድ ጣራ ሥር ባይገቡ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጠንቅ እጅ ነው። ተደጋጋሚ ንክኪ ራሱ የጃስሞኔትን መስመር ያስነሳል፣ እድገትም ይገታል። በየቀኑ ቅጠል እየያዙ መለካት ማነጻጸሪያውን ያሳጥረዋል። ማስመሪያውን ከጎኑ ተክዬ፣ ሳልነካ፣ በሳምንት አንዴ አነባለሁ። ነፋስም ያው ንክኪ ነው።

የቅጠል ፀጉር በአጉሊ መነጽር ሲቆጠር ከርጭቱ በኋላ የወጣው ቅጠል ላይ ይሁን። በርጭቱ ጊዜ የተዘረጋው ቅጠል ፀጉሩን አብቅሎ ጨርሷል፤ እሱ ላይ የሚፈልግ ሰው ጃስሞኔት አይሠራም ብሎ ይሄዳል። ጫፋቸው ላይ እጢ ያላቸውን አጫጭሮቹን ለይቶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ለጂን ልኬት የጃዝ ጂኖች በ1 ሰዓት ውስጥ ይነሣሉ (ማይክ2 የራሱን አፋኞች፣ ጃዞቹን፣ መልሶ ያሠራል፣ ፍሬኑም አብሮ ይመጣል)፤ የትሉን ምግብ መፍጨት የሚያውከው መከላከያ፣ ፕሮቲኔዝ ኢንሂቢተር 2፣ ግን ዘግይቶ ስለሚከማች በማግስቱም ይወሰዳል። ናሙና መቁረጥ ቁስል ነው፣ ምልክቱም በደቂቃዎች ወደ ሌሎቹ ቅጠሎች ይደርሳል። ስለዚህ ከአንድ ችግኝ አንዴ ብቻ እቆርጣለሁ፤ ቅጠሉ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል። ናይትሮጅን ከሌለ አርኤንኤ ማቆያ ፈሳሽ ይሆናል፤ ግን የቲማቲም ቅጠል ስለሚንሳፈፍ ቆራርጦ ማጥለቅ ግድ ነው። የጃስሞኔት መስመር በቀኑ ሰዓት ስለሚዋዥቅ ሁሉም ምድብ በአንድ ሰዓት ይቆረጥ፤ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት የወሰደ ሰው የለካው ሰዓቱን ነው።