ሰይፍ ስገዛ የጠየቅኩት ስለማይታየው ብረት ነው

እዚህ ጀርመን የመካከለኛውን ዘመን ልብስ ለብሶ የሚፋለም ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ። ጥሩሩ ቀስ ብሎ ይሟላል። ሰይፍ ግን ከሰው እየተዋሱ አይዘለቅም፤ የራሴን ገዛሁ።

መጀመሪያ የወሰንኩት ዘመኑን ነው። ቡድናችን የሚያሳየው የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ናይቶች (የአውሮፓ ፈረሰኛ ተዋጊዎች) ስለሆነ በሁለት እጅ የሚያዘው ግዙፍ ሰይፍ አያስኬደኝም። እንግሊዛዊው የሰይፍ አጥኚ ኤዋርት ኦክሾት የዘመኑን ሰይፎች በቅርጻቸው ለይቶ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ምድቡ ከ10 ይጀምራል። ለእኛ የሚስማማው 12 ቁጥር ነው። ሰፋ ያለ፣ ወደ ጫፉ ቀስ እያለ የሚጠብ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። ይህን ሳውቅ ግማሹ ገበያ ራሱ ወደቀልኝ።

ከዚያ በስለት ሥራ በታወቀችው የጀርመን ከተማ ዞሊንገን ያለውን የስለት ሙዚየም አየሁ። ከተማዋ ለእኛም ባዳ አይደለችም፤ የዞሊንገን ስለት የተገጠመላቸው የድሮ የኢትዮጵያ ጎራዴዎች አሉ። ፊልም ላይ የምናየው ተሸካሚ የሚያስፈልገው ሰይፍ ውሸት ነው። የአንድ እጅ ሰይፍ በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.4 ኪሎ ቢመዝን ነው። መሃሉ ላይ ያለውን ቦይ ደግሞ ብዙ ሰው የደም መውረጃ ይለዋል። ሥራው ግን ብረቱን ጥንካሬ ሳያሳጣ ማቅለል ነው።

ሱቅ ስገባ ሻጩን የያዝኩት እጀታው ውስጥ ስላለው ነገር ነው። የስለቱ ብረት ሳይቋረጥ በእጀታው አልፎ፣ ጫፉ ላይ ካለው ክብ ብረት ጋር ተቀጥቅጦ መታሰር አለበት። ርካሾቹ ላይ ቀጭን ዘንግ በብየዳ ይቀጠልና በብሎን ይጠብቃል። ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ሲወዛወዝ ግን ስለቱ ተነቅሎ ሊበር ይችላል። የማይዝግ ብረትም ለወጥ ቤት ቢላ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ በዚያ ርዝመት ሲመታ ይሰበራል። እኔ የፈለግኩት የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበትን ዓይነት ነው፣ ጎብጦ ቀጥ የሚለውን።

አስፈቅጄ አንዱን አነሳሁና የእጀታውን ጫፍ በመዳፌ መታ አደረግኩት። ከውስጥ ኳ ኳ አለ። መልሼ አስቀመጥኩት። ቀጣዩ ላይ ስለቱ ብቻ ተርገበገበ፤ እጀታው ጭጭ። ጣቴ ላይ ሳስቀምጠው ሚዛኑን የጠበቀው ስለቱና እጀታው መሃል እጅ ከሚከላከለው መስቀለኛ ብረት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው። እሱን ገዛሁ። ከሌሎቹ ይልቅ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ይሁን።

የመፋለሚያ ሰይፍ ዱልዱም ነው። የእኔ ጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ ጫፉም እንደ ሳንቲም የከበበ ነው። ዱልዱም ነው ብሎ መዘናጋት ግን የለም፤ ከ1 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ጣት ይሰብራል። ያለ ጓንትና የራስ ቁር ማንም አይገባም። ከፍልሚያ በኋላ ጠርዙ ላይ የሚወጣው ሹል ፍንጣቂ እጅ ስለሚቆርጥ በሞረድ እልገዋለሁ። ከዚያ ላቡን ጠርጎ ዘይት መቀባት ነው። በቆዳ ሰገባ ውስጥ አላሳድረውም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ለገዢዎች አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሰገባውና ለቀበቶው ገንዘብ አስቀሩ። ማጓጓዣ ሳጥንም ያስፈልጋል። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ታጥቆ መዞር በሕግ ስለተከለከለ፣ የእኔ የሚጓዘው በተቆለፈ ረጅም ሳጥን ነው። ባቡር ውስጥ ጊታር ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል።