ካኬቲ፤ ከጓዳ ወደ ጓዳ

በምሥራቅ ጆርጂያ፣ ካኬቲ በሚባለው አካባቢ፣ ወይን ጠጅ የሚጠምቅ ቤት አጠያይቆ መሄድ አያስፈልግም። የማይጠምቅ ቤት ማግኘት ነው የሚከብደው። ከዋና ከተማዋ ትቢሊሲ ተነስታችሁ የጎምቦሪን ተራራ እንደተሻገራችሁ የአላዛኒ ሸለቆ ከታች ተዘርግቶ ይቀበላችኋል። ማዶ የካውካሰስ ተራሮች ተደርድረዋል። መሀሉ ወይን ብቻ ነው። እኔና ጓደኛዬ የደረስነው ርትቬሊ በሚሉት የለቀማ ሰሞን ስለነበር፣ መንገዱ ዘለላ ከአፍ እስከ ገደፋቸው በጫኑ አሮጌ መኪኖች ተጨናንቋል። ተርቡ ከኋላ ከኋላቸው ይበራል።

ትልልቆቹን ፋብሪካዎች አለፍናቸው። ቱቦና የብረት ታንከር ለማየት ያን ያህል መንገድ አይኬድም። የፈለግነው የቤተሰብ ጠመቃ ቤቶቹን ነው፤ ማራኒ ይሏቸዋል። ከውጭ ሲታዩ ተራ የገጠር ግቢ ናቸው። አጥር፣ ውሻ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ለጥላ የተዘረጋ የወይን ሐረግ። የማራኒው በር ሲከፈት ግን ቅዝቃዜው ፊት ይመታል። ወለሉ ላይ ክብ ክብ አፎች ይታያሉ እንጂ ጋን የለም። ጋኑ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

ክቬቭሪ የሚባለው ይሄ የሸክላ ጋን ነው። ትልልቁ ጋን ውስጥ ሰው ገብቶ ይቆማል። ውስጡ ሰም ተቀብቷል። ወይኑ ተረግጦ ጭማቂው፣ ልጣጩና ፍሬው አንድ ላይ ይገባበታል። መፍላት ሲጀምር ልጣጩ ወደ ላይ ይገነፍላል፤ በቀን ደጋግሞ በረጅም እንጨት ወደ ታች መድፈቅ ነው። ፍላቱ ሲበርድለት አፉ ይታሸጋል። ከዚያ አምስት ስድስት ወር አይነካም። መሬቱ ቅዝቃዜውን ስለሚጠብቅለት ማቀዝቀዣ አያሻውም። የጋኑ ታች ሾጣጣ የሆነውም በምክንያት ነው። ፍሬው እዚያች ጠባብ ቦታ ይወርዳል፣ ልጣጩ ከላዩ ይተኛበታል። ስለዚህ መራራው ፍሬ ከመጠጡ ጋር ብዙ አይገናኝም። አተላው ወርዶ ወይን ጠጁ ራሱ ይጠልላል። ማጣሪያ የለ፣ ምን የለ።

ሰው ከዚህ አገር ሲመለስ ስለ ጣዕሙ ያወራል። እኔን የያዘኝ እጥበቱ ነው።

የካኬቲ ዋና ከተማ ቴላቪ አጠገብ አንድ መንደር ስንገባ የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ሥራ ላይ ነበሩ። ለሰላምታ እንኳ ቀና አላሉም፤ ጭንቅላታቸው ጋኑ አፍ ላይ ተደፍቷል። ረጅም ዘንግ ይዘዋል። ጫፉ ላይ የቼሪ ዛፍ ቅርፊት ተደራርቦ ታስሯል፤ በሱ ግድግዳውን ይፈትጋሉ። ውሃ ያፈሳሉ፣ ይፈትጋሉ፣ ረጅም እጀታ ባለው ቅል ይቀዳሉ፣ ይደፋሉ። እንደገና። መጨረሻ ላይ ወገባቸውን ይዘው ቀና ሲሉ፣ «አባባ፣ ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው?» ብለን በሹፌራችን በኩል ጠየቅናቸው። መልስ አልሰጡንም። ከቅሉ ውሃ በመዳፋቸው ያዝ አድርገው ቀመሱና ተፉት። «ገና ነው» አሉና ተመልሰው ጎነበሱ።

ለካ ሕጉ እሱ ነው። የሚወጣው ውሃ ለመጠጥ የሚሆን እስኪሆን ድረስ ይታጠባል። ከዚያ ድኝ ያጨሱበታል። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጋኑ ተነቅሎ ወጥቶ ፀሐይ አይመታው፣ ተገልብጦ አይንጠፈጠፍ፤ ያለው መላ እዚያው ተንበርክኮ መፈተግ ብቻ ነው። አንድ ጥግ የቀረች ቆሻሻ የዓመቱን ልፋት ሆምጣጤ ታደርገዋለች። ሽማግሌው ይህን ሥራ ለቅጥር ሠራተኛ ሰጥተው አያውቁም። ለልጃቸውም ቢሆን በቅርቡ ነው የፈቀዱለት፣ እሱንም ከጎኑ ቆመው።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ የምጠይቀው ስለ እጥበት ሆነ። ጓደኛዬ አፈረብኝ መሰለኝ። ግን ደግሞ ይህን ስትጠይቁ ሰዎቹ ይለወጣሉ። ለእንግዳ የተዘጋጀችው ንግግር ትቀርና ስለ ወገባቸው፣ ስለ ጉንፋናቸው፣ ዘንድሮ ስለጣለው በረዶ ማውራት ይጀምራሉ።

ለእንግዳ የተዘጋጀችው ንግግር ምን ትላለች መሰላችሁ? «ስምንት ሺህ ዓመት!» ወንበር ሳትስቡ ትነገራችኋለች። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 6000 ዓመት ገደማ በነበሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ሸክላው የተገኘው ግን ካኬቲ ውስጥ ሳይሆን ከትቢሊሲ በስተደቡብ ነው። ካኬቲዎች ይህችን ነገር ማንሳት አይወዱም።

እኔ ከስምንት ሺሁ ይልቅ ያለፉት አርባ ዓመታት ይበልጡብኛል። እ.ኤ.አ. በ1985፣ ጆርጂያ በሶቪየት ኅብረት ሥር ሳለች፣ መሪው ጎርባቾቭ በመጠጥ ላይ ሲዘምት እዚህ የወይን ማሳ ተነቅሏል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሩሲያ የጆርጂያን ወይን ጠጅ ከለከለች። ዋናዋ ገበያ እሷ ነበረች። እገዳው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በዚያው ዓመት ዩኔስኮ የክቬቭሪን አጠማመቅ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። ያረፍንበት ቤት አባወራ በእገዳው ጊዜ ወይናቸውን የሚረከባቸው ጠፍቶ ዘለላው ማሳ ላይ ሲደርቅ አይተዋል። «ለራሳችን ብቻ ስንጠምቅ የኖርነውን ለሰው እንሽጥ ያልነው ቸግሮን ነው» አሉን። ዛሬ ፈረንጅ ሊያየው የሚመጣው ባህል በከፊል የችግር ልጅ ነው።

ጣዕሙስ? ርካጺቴሊ የሚባለው ነጭ ወይን ከነልጣጩ ስለሚከርም ቀለሙ ብርቱካናማ ይሆናል። አፍ ይሰበስባል። መጀመሪያ አልወደድኩትም፤ ከምግብ ጋር ግን ሌላ ነገር ነው። ቀዩ ሳፐራቪ ከንፈርና ጥርስ ያጠቁራል፤ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት መስታወት እዩ። የሚገርመው ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ወይን፣ ከአጥር ወዲህና ወዲያ ለቅመው፣ በአንድ ዘዴ ጠምቀው፣ መጠጣቸው አይገናኝም። የአንዱ ለስላሳ ነው፣ የአንዱ ይጋደላል።

መቅመስ ስትሉ ደግሞ ቀምሶ መትፋት የሚባል ነገር እርሱት። መትፊያ አይቀርብም። የሚቀርበው ማዕድ ነው፤ አይብ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ዋልነት የሚባለው ለውዝ የገባበት ቲማቲምና ኪያር፣ በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም የተጠበሰ ሥጋ። ታማዳ የሚባል የማዕድ መሪ አለ። እሱ ሳይናገር አይጠጣም። ለሰላም፣ ለሞቱት፣ ለልጆች፣ ለእንግዶች እያለ ይቀጥላል፤ ሁሉም «ጋውማርጆስ!» ይላል። ለሞቱት ሲባል የቤቱ እመቤት ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሹፌራችን መተርጎሙን አቆመ፤ እኛም አልጠየቅንም። በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትያዙ። ከማዕድ በኋላ በየተራ የሚመጣውን አረቄ፣ ጫጫ የሚሉትን፣ ቆጥራችሁ ያዙ፤ ከወይኑ ዝቃጭ የሚወጣ ነው፣ ጉልበት ይይዛል።

አንዳንዱ ቤት ትንሽ ቲያትር አለበት። ታጥባችሁ ወይን ትረግጣላችሁ፣ ባርኔጣ ይሰጧችኋል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ሰው እንጀራው ነውና አልቀየምም፤ ግን ከቻላችሁ ሥራ ላይ እያሉ ድረሱባቸው።

የመጨረሻው ቤት አባትና ልጅ በአንድ ማራኒ ሁለት መጠጥ ይጠምቃሉ። ልጁ ከተማ ተምሮ የመጣ ነው፤ ጠርሙስ ላይ የሚያምር ወረቀት ለጥፎ ውጭ አገር ላሉ ምግብ ቤቶች ይልካል። አባትየው በፕላስቲክ ጄሪካን ለጎረቤት ይሸጣሉ። «የማን ይሻላል?» ብለው ሁለቱም አፈጠጡብኝ። ጓደኛዬ ፈጥኖ ውጭ ወጣ። እኔ ከሁለቱም እገዛለሁ ብዬ ተገላገልኩ። አባትየው ሂሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡ፤ ከእንግዳ አልቀበልም ብለው እጄን መለሱት። ልጁ ተቀበለኝ። አንድ ላሪም አልቀነሰልኝም።