ሰርቪስ ላይ የተለቀቀው ክፍል

ካንቲን ወረፋ ይዤ «ውድ አድማጫችን፣ ሽሮ ነው ፓስታ?» ስባል ነገሩ ግቢውን በሙሉ እንዳዳረሰው ገባኝ። ጠያቂዋ አስተናጋጅ በእኛ ሰርቪስ አትመጣም። የሷ የጀሞው ነው። ወሬው ጠዋት ከአያት ተነስቶ ምሳ ሳይደርስ ጀሞ መስመር ገብቷል። የኔ ፖድካስት በዚህ ፍጥነት ተሰራጭቶ አያውቅም።

ለማታውቁኝ፣ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዝ እሠራለሁ፤ የጡረታውን 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው እያልኩ እደምራለሁ፤ ደረሰኝ ያላመጣ ሰው አሳድዳለሁ። ማታ ደግሞ ቁም ሳጥን ውስጥ እገባለሁ። የእውነቴን ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅ ይመልሳል፣ ካፖርት ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ስቱዲዮ መከራየት ያልቻለ ሰው የክረምት ልብሱ መሀል ተቀምጦ ይቀዳል። በሩን ስዘጋ የጋቢዬ ጫፍ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል። ከእንግዳው መልስ በኋላ ዝም ስል በነገሩ ተመስጬ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ማስነጠስ እያፈንኩ ነው።

ቀን መቅዳት አይታሰብም። ማይኬ ኮንደንሰር የሚሉት ዓይነት ነው። ሻጩ «ይሄ ሁሉንም ይሰማል» ብሎኛል፣ አልዋሸም። የጎረቤት ቡና ሙቀጫ ይሰማል። ቆራሌው ሦስተኛው ቅያስ ላይ ሆኖ ሲጣራ ይሰማል። የአከራዬን አውራ ዶሮማ ከእኔ አስበልጦ ይሰማል። ማታ ደግሞ የሰፈር ውሾች ስብሰባ አላቸው። የምትቀረኝ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ያለችው ክፍተት ናት። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰርቪሱ መታጠፊያው ጋ ይደርሳል። ማንንም አይጠብቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓትንም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ላይ ገድቦታል። ፖድካስቴ ይህን አዋጅ አላነበበም። አንድ ሰዓት ለተቀዳ ወሬ እንደኔ ላለ ሰው አራት አምስት ሰዓት ኤዲቲንግ አለው። «እእእ» ትቆርጣለህ፣ ሳል ትቆርጣለህ፣ የእንግዳውን ወንበር ሲጢጥታ ትቆርጣለህ። ቢሮ ውስጥ «ግን ብር አለው?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየበት ሰዓት ይጠይቃል። 4,000ን ለ48 አካፍሉት። ከ83 ሳምንት የሥራ ሰዓት በላይ ነው። ያን ያህል ሰዓት ሰው እኔን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አለበት። እናቴ እንኳን ዐሥር ደቂቃ ላይ «ጎበዝ» ብላ ትዘጋዋለች።

እግረ መንገዴን ስለ እንግዶች ልናገር፣ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። የሚመቻቸው ሁልጊዜ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰዉ የዓመት ፈቃዱን ሀገር ቤት ዘመድ ይጠይቅበታል፣ እኔ እንግዳ እጠብቅበታለሁ። አንዱማ ሰኔ 29 ካልሆነ አይመቸኝም አለ። ለሒሳብ ሠራተኛ ሰኔ 29! በማግስቱ በጀት ይዘጋል፣ መጋዘን ውስጥ ብሎን ሲቆጠር ይታደራል። እሺ ብዬ፣ ለምኜ፣ አስፈቅጄ ቀዳሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አማቹ አወራ። ደስ ይል ነበር፣ እውነት ለመናገር። ሌሊት ደውሎ «ወንድሜ፣ የአማቼን ነገር ቁረጥልኝ፣ ባለቤቴ ሰማች» አለኝ። ቆረጥኩለት። የቀረው ሰላምታውና «ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ» ነው።

ወደ ሰርቪሱ። የሳምንቱ ርዕስ «ጊዜን በአግባቡ መጠቀም» ነበር። ሁለት ሳምንት ዘግይቷል። እንግዳዬ መሀል ላይ ቀልድ ነግሮኝ እኔ አልሳቅኩም። እንቅልፍ ይዞኛል፣ ቀልዱም ለክፉ አይሰጥም እንጂ ያን ያህል አልነበረም። ግን ቀልድ ተነግሮ አስተናጋጁ ጭጭ ሲል አድማጭ ይከፋዋል። ስለዚህ ሌሊት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ገብቼ ሳቁን ለብቻው ቀዳሁት፣ በኋላ ቦታው ላይ ልሰካው። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ የተሻለውን መምረጥ ነበረብኝ።

የኋላ ወንበር ጥግ ይዤ ኤርፎኔን ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩ። ስልኬ ግን ከመኪናው ቴፕ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ለባልደረባ ሠርግ ደብረ ብርሃን ስንሄድ «አንተ ዘፈን አጫውት» ተብዬ አገናኝቼው ነበር። ብሉቱዝ ያወቀውን አይረሳም። ሲኤምሲ ስንደርስ ሾፌራችን ጋሼ ዜና ሊሰሙ ቴፑን ከፈቱ። ጆሮዬ ውስጥ ጸጥ አለ። ድምፅ ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። እስከ ጥጉ።

ድምፄ ሞልቶ መጣ። ኤርፎኑ የተሻለው መሰለኝ። እንዲያውም ጥራቱ ገረመኝ። ቤዙ! ይሄ ማይክ ዋጋውን አወጣ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ወንበሬ ላይ ደገፍ አልኩ።

«ውድ አድማጮቻችን፣ ሃ ሃ ሃ።» ይሄኛው የባለሥልጣን ሳቅ ነበር፣ ሆድ ያለበት። ቀጥሎ «ሄ ሄ፣ እውነትህን ነው» የሚል፣ ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሳቅ። ከዚያ በአፍንጫ። ከዚያ «ኧረ በናትህ!» ያለበት፣ ጉልበት መምቻ ጭምር፤ ጉልበቴ ስትመታ «ጧ» ትላለች። ከዚያ ራሴን ስቆጣ፦ «አይ፣ እንደ ሰው ሳቅ እንጂ!» ከዚያ እንደ ሰው ለመሳቅ የሞከርኩት። እሱ ከሁሉም የከፋ ነው። መጨረሻው ላይ በጋቢው ምክንያት ማስነጠስ አለበት። እኔም ኋላ ተቀምጬ የባለሥልጣኑን መለስ እያደረግኩ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ከሽማግሌ ላኪው ጋር ላወዳድረው።

ይሄ ሁሉ ባልከፋኝ። ቀረጻው ላይ የቁም ሳጥኑ በር ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ሰው አለ እንዴ?» የአከራዬ ድምፅ።

«የለም እማማ፣ ብቻዬን ነኝ።»

ትንሽ ዝምታ።

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ የሚያስቅህ?»

ዓይኔን የገለጥኩት ያን ጊዜ ነው። ሰርቪሱ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሯል። ጋሼ በመስታወቱ እያዩኝ ነው፣ መብራት በርቶላቸው እንኳን አልነዱም። የግዢ ክፍሉ ልጅ መሀረብ አፉ ውስጥ ከቷል። ስልኩን ላጠፋ ስሯሯጥ ጣቴ ቀጣዩን ነካው። የባለሥልጣኑ ሳቅ መገናኛ አደባባይ ላይ አንድ ጊዜ ደገመ።

ከዚያ ወዲህ ሊፍት ውስጥ የማላውቀው ሰው «ሄ ሄ፣ እውነትህን ነው» ይለኛል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ጠረጴዛዬ ላይ በሃይላንድ ፀበል አስቀምጠውልኛል። «ለማንኛውም ብዬ ነው የኔ ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ በርህን አትዝጋ» ብለውኛል። ስለ ፖድካስት ላስረዳቸው ሞከርኩ። በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስካሁን አንድም ሰው ርዕሱ ምን እንደነበር አልጠየቀኝም። ሰብስክራይብ ያደረገም የለም፤ ሁሉም በነፃ ሰምቷል።

መሥሪያ ቤቱ ግን ተጠቃሚ ሆኗል። የሰው ሀብት ኃላፊያችን ጠርተው «እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ ዝም ትላለህ?» አሉኝና የዓመቱን የሠራተኞች በዓል መድረክ እንድመራ መደቡኝ። ክፍያ አለው ወይ ስላቸው ሳቁ። ጥሩ ሳቅ ነበር፣ ብቀዳው ይጠቅመኝ ነበር። የእኔ አለቃ ደግሞ የሰኞ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገውኛል፦ «መቅጃ አለህ አይደል? ቅዳውና ማታ ቤትህ ትጽፈዋለህ።» ማታ! ያቺን የምትቀረኝን ክፍተት!

ትናንት ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀ ስብሰባ በራሴ ማይክ ቀዳሁ። ከዚያ ሌሊቱን ስለ ቶነር ግዢ የተባለውን ሁሉ እየሰማሁ ስጽፍ አደርኩ። የማይኩን ደረሰኝ አወራርዱልኝ ብዬ ባቀርብ በመመሪያው መሠረት ውድቅ የማደርገው እኔው ነኝ።